ሞተሩ የሚጠፋበት ኩርባ

ወንድሜ የሚነዳው ሚኒባስ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ወገዳ ሲወርድ አንድ ኩርባ ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት ከመንገድ ወጣ። አልተገለበጠም፤ በጎኑ ተንሸራትቶ አንድ ቋጥኝ ላይ ተደግፎ ቆመ። ውስጡ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ወንድሜና አንድ ሽማግሌ። ወንድሜ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ሽማግሌው በቋጥኙ በኩል ተቀምጠው ነበር። ከተቀመጡበት በሕይወት አልተነሡም።

የቀሩት ተሳፋሪዎች ወርደው ከኋላ ቆመው ነበር። ይህ የዚያ መኪና ልማድ እንደሆነ የሰማሁት ከአደጋው በኋላ ነው። ሞተሩ ኩርባው ላይ ሲደርስ ይጠፋል፤ ሌላ ቦታ አይጠፋም። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ቦታው ነው የሚይዘው አለ። በድሮ ዘመን እዚያ ሰው ተገድሎ ወድቋል፣ ደሙም ሳይደርቅ ቀርቷል ይባላል። ወንድሜም አመነ። ካህን ለምኖ ኩርባውንም መኪናውንም ጠበል አስረጨ። ከዚያ ወዲህ አፋፉ ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ሰው ይወርዳል፤ ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ እሱ ባዶውን መኪና ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፤ እነሱ ከታች ይሳፈራሉ። «ውረዱ፣ ኃጢአታችሁ ከብዶኛል» ይላቸው ነበር አሉ። አንዲት የሽንኩርት ነጋዴም «የእኛስ ወረደ፤ ያንተን ማን ያውርድልህ?» እያለች ታስቃቸው ነበር።

በዚያን ቀን ሽማግሌው ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው እኔን ተወኝ ልጄ ብለው ቀሩ። ባለቤታቸው ወርደው ከሰዉ ጋር ጸለዩ። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ሲቋረጥ ጸሎቱን ገና አልጨረሱም ነበር።

ወንድሜ በዋስ ተለቀቀ። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ በመንግሥት መንገድ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ የደሙ ነገር ግን ሌላ ነው። በእኛ አገር ሰው የሞተበት ወገን እርቅ እስኪወርድ ድረስ የገዳዩን ወገን በገበያም በቤተ ክርስቲያንም አያይም፤ ካየም ዝም ማለት አይጠበቅበትም። ወንድሜ ወደ አርብ ገበያ ከተማ አቅጣጫ የእናታችን ወንድም ዘንድ ሄዶ ተደበቀ። እኔም ከቤት ስወጣ ዙሪያዬን ማየት ለመድኩ። የሟቹ ታናሽ ወንድም «ሰክሮ ነው የገደለው» ይል ነበር፤ ወንድሜ በዚያ ጧት ዝክር ላይ ውሎ ስለነበር ነገሩ ሰሚ አገኘ። ወንድሜ አንድ ጣሳ ጠላ ነው የቀመስኩት ብሎ ማለ። ጣሳውን ማን ቆጠረለት?

ለእርቅ የተመረጡት የአገር ሽማግሌዎች የቆረጡት እንዲህ ነው። ስካር ከሆነ እርቅ የለም፤ ወንድሜ አገሩን ለቆ ይሂድ። የመኪናው ብልሽት ከሆነ ግን ደም የሚደርቅበት መንገድ ይፈለጋል። ስለዚህ መኪናው ይታይ ተባለ። ከደብረ ታቦር የሚጠበቀው ባለሙያ መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን መምጣት አልቻለም።

እኔ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ልጅ ባዘሉበት ዕድሜ ነው። ጉልበቴ ከዴስኩ በታች አይገባም ነበርና መጨረሻው ወንበር ላይ ጠምዘዝ ብዬ ተቀምጬ ነው ፊደል የቆጠርኩት። አባቴን ለምኖ ያስገባኝ ይኸው ወንድሜ ነው። «እሷ እንደሆነች ከመጽሐፍ ጋር ተጋብታለች፤ ሌላ ባል አትፈልጉላት» ብሎ። እንግዲህ የመኪና ነገር የምታውቅ በአካባቢው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም የነጂው እኅት ነኝ። የኔን ስም ማንም ለማንሣት ሲያፍር ያነሡት የሟቹ ባለቤት ናቸው አሉ። «እሷ ትየው። ያቺ ቄሱ ንባብ ሲስቱ በሰው ፊት ያረመች ልጅ አይደለችም? ለወንድሟ ብላ አትስትም።» ሰዎቹ በለቅሶ ቤት ውስጥ ሣቁ አሉ። እኔ ይህን ስሰማ አልሣቅሁም።

መኪናው ከወገዳ መግቢያ በአንድ እህል ነጋዴ ግቢ ቆሟል። ስደርስ ሁለት ምስክሮች ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ ከእኛ ወገን አጎቴ፣ ከእነሱ ወገን የሟቹ ወንድም። አንዱ አጥሩን፣ አንዱ በሩን ያያል። የሟቹ ወንድም ከወንድሜ ብዙም የማይበልጥ፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ገበሬ ነው። ሰላምታዬን አልመለሰም።

«እጅሽን እያየሁ ነው» አለኝ።

«እይ ጋሼ። ለዚያ ነው የተቀመጥከው።»

የመኪናው ጎን ቢጨፈለቅም ሞተሩ ያለበት ፊቱ ደኅና ነበር። የመሪውን ዘይት አየሁ፤ ሙሉ ነው። የመሪውን ፖምፓ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጣቴ ተጫንኩት፤ አልላላም። ከሌላ መኪና ባትሪ ተውሰን ሞተሩን አስነሣሁት። ተነሣ፤ ሚኒሞው፣ ማለት መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ የሚዞረው ዙር፣ እኩል ነበር። መሪውን እስከ ግማሽ አዞርኩት፤ ምንም አልሆነም። እስከ ጫፍ ሳዞረው ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለቴ አሳለውና ጠፋ።

የሟቹ ወንድም ተነሥቶ ቆመ። ምን እንዳደረግሁ ጠየቀኝ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው እንዳዞርኩት ነገርኩት። ድገሚው አለ፤ ደገምኩት። በግራ በኩል አለ፤ በግራም ጠፋ። ፊቱን አይቼ ገና እንዳላመነ ስለገባኝ ከመቀመጫው ወርጄ አንተ ግባ አልኩት። መሪ ይዞ አያውቅም። እንደ እርፍ ጨብጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ አዞረው፤ ሞተሩ እጁ ላይ ጠፋ። እጁን ከመሪው ቶሎ አንሥቶ በጋቢው ጠረገ።

ነገሩን ለሁለቱም አስረዳኋቸው። መሪውን የሚያቀልለው ፖምፓ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። መሪው እስከ ጫፍ ሲዞር ፖምፓው ይከብዳል፤ ሞተሩን እንደ ዳገት ይጎትተዋል። ፖምፓው ላይ ይህን ክብደት የሚሰማ አንዲት ሴንሰር አለች። በአንድ ቀጭን ሽቦ ወደ መኪናው ኮምፒዩተር ታመለክታለች፤ ኮምፒዩተሩም ለሞተሩ ጉልበት ይጨምርለታል። ምልክቱ ካልደረሰ ሞተሩ ይታነቃል። ቁልቁለት ላይ ጎማውን ከሞተሩ የሚያለያየው ፍሪሲዮን ተረግጦ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ መሪው ድንጋይ ይሆናል፤ ፍሬኑም አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል።

አጎቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የሟቹ ወንድም ምልክቱ ለምን አልደረሰም ብሎ ጠየቀ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር።

ሴንሰሯ ጋ ያለውን ሶኬት ነቀልኩና የሽቦውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘሁት። ሴንሰሯ ክብደት ሲሰማት የምታደርገው ይህንኑ ነው። ሽቦው ደኅና ቢሆን ዙሩ ከፍ ማለት ነበረበት፤ አላለም። ከዚያ ያንኑ ሽቦ ኮምፒዩተሩ አጠገብ አግኝቼ እዚያ ከብረት ጋር ነካሁት። ሞተሩ ወዲያው አገሣ። ሁለቱም ደነገጡ። ስለዚህ ሴንሰሯም ኮምፒዩተሩም ደኅና ናቸው፤ ጉድለቱ በሁለቱ መካከል፣ በሽቦው ላይ ነው። ሽቦውን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብናየው ልባሱ አልተላጠም፤ አልተጨማደደም። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቶቼ እየዳሰስኩ ሄድኩ። ፖምፓውን ከያዘው ብረት አጠገብ ሲደርስ አንድ ቦታ ላይ አጥንቱ የወጣ ጣት ይመስል ለስልሶ ታጠፈ።

«እዚህ ነው» አልኩ።

«አሁን አንቺ ቆርጠሽው ቢሆንስ?» አለ የሟቹ ወንድም።

አጎቴ ተቆጣ። እኔ አልተቆጣሁም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠይቅ ነበር። ሰንጢ እንዳለው ጠየቅሁትና ልባሱን ራሱ እንዲሰነጥቀው ሽቦውን ዘርግቼ ያዝኩለት። በዝግታ፣ ቆዳ እንደሚገፍ ሰው ጠንቀቅ ብሎ ሰነጠቀው። ውስጡ ያለው መዳብ ለሁለት ተለያይቷል። በተቆረጠበት ላይ ሁለቱም ጫፎች አረንጓዴ ነበሩ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተመኘሁት ቀይ መዳብ ነበር። በዚያው ቀን፣ በዚያው ኩርባ የተቆረጠ ሽቦ ቢሆን ወንድሜ ንጹሕ ነው። አረንጓዴው ግን ሽቦው ከተቆረጠ መክረሙን ይናገራል፤ ሞተሩም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲጠፋ የኖረው በቦታው ሳይሆን በዚህ ሽቦ ነው ማለት ነው። አጎቴ መዳብ አያውቅም። የሟቹ ወንድምም አያውቅም። ማንም አይጠይቅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«ይህ አረንጓዴ ምንድን ነው?» አለ።

አጎቴ አየኝ። ምን ለማለት እንዳየኝ አውቃለሁ።

«ዝገት ነው» አልኩት። «የመዳብ ዝገት።»

«በስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሚሆን?»

«ክረምቱ ያለፈው በላዩ ላይ ይመስላል።»

ሰንጢውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እንግዲያ አልሰከረም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ቆይቶ ደግሞ፣ «እንግዲያ ያውቅ ነበር» አለ።

አጎቴ እስከ ቤቱ በር ድረስ ከፊቴ ፈጥኖ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ቄሱን ያረምሽ ዕለት ነው መቀጣት የነበረብሽ ብሎኝ ገባ።

ሽማግሌዎቹ የተሰየሙት በዐቢይ ጾም፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። የእኛ ወገን በአንድ ጥድ ሥር፣ የእነሱ በሌላው፤ ሽማግሌዎቹና መስቀል የያዙት የንስሐ አባት በመካከል። እርቅ ሳይወርድ ወንድሜ ከእነሱ ጋር ፊት ለፊት መተያየት አይችልምና በደጀ ሰላሙ ውስጥ፣ ከግንቡ ወዲያ ተቀመጠ። የሚጠየቀውን የንስሐ አባት ይዘውለት ይሄዳሉ፤ መልሱን ይዘው ይመለሳሉ።

መጽሐፉ ላይ እጄን ጭኜ ያየሁትን ተናገርኩ። አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም። ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለኝ ነበር። የሟቹ ወንድም «ያለችው ልክ ነው፣ ሽቦውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። በዕድሜ የሚያንሰው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሮ ነጂው ያውቅ ነበር ወይ አለኝ። ሽቦ ይህን አይናገርም፣ እሱን ጠይቁት አልኩ።

የንስሐ አባት ሄደው ቆዩ። ሲመለሱ የወንድሜን ቃል እንደ ሰሙት ተናገሩት። «ቦታው መስሎኝ ነበር። እዚያ ብቻ ነው የሚጠፋው። ሌላ ኩርባ ላይ ቢጠፋብኝ ኖሮ መኪናው ነው እል ነበር።»

ይህ ለምን እንደሆነ ልናገር ወይ ብዬ አስፈቀድኩ። በዚያ መንገድ ላይ መሪው እስከ ጫፍ የሚዞርበት፣ ያውም በዝግታ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ያ አንድ ኩርባ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁሉ በግማሽ መሪ ይታለፋሉ። ሞተሩ እዚያ መጥፋቱን ሰዉ በትክክል አይቷል፤ ምክንያቱን ነው የሳተው።

በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ፣ «በቅሎም እኮ ጅብ ያየችበትን ቦታ ሁልጊዜ ትፈራለች። መኪናም እንደዚያ መስሎን ነው» አሉ። የሣቀ የለም።

የሟቹ ወንድም ግን ተነሣ። «ወንድሜ የሞተው በሽቦ ነው እንዴ? ሰው ሲያወርድ አደጋ እንዳለ ያውቃል ማለት ነው። እያወቀ ሽማግሌውን ለምን አስቀረ?» አለ። 

ያኔ የሟቹ ባለቤት ተናገሩ። እስከዚያ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተቀምጠው ነበር።

«በየገበያው ቀን እወርድ ነበር። እኔም አቡነ ዘበሰማያት ብያለሁ እዚያ ቆሜ። የዚያን ዕለትም እሱን ትቼ የወረድኩት እኔ ነኝ፤ ና ልደግፍህ አላልኩም። ይህ ሁሉ ሰው ያውቃል፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የማንን ደም ከማን ልጠይቅ?»

«እንግዲያ ማን ገደለው?» አላቸው የባላቸው ወንድም።

እሳቸው ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ገንዘብ እንደማይፈልጉ ነገሯቸው። ልጆቻቸው ከተማ ናቸው፤ በሬዎቹ ቆመዋል። «ማሳዬ ጦም እንዳያድር። መጥቶ ይረስ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ወንድሜ የሽማግሌው ሙት ዓመት እስኪወጣ መሪ እንዳይጨብጥ፣ ማሳውንም እንዲያርስ፣ እንዲዘራ፣ እንዲያጭድ ቆረጡ። ከዚያ በልማዱ መሠረት ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጀ ሰላሙ ወጣ። ትከሻው በደንብ አልገጠመም ነበርና ድንጋዩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ እየጎበጠ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ሄዶ እግራቸው ሥር ተደፋ። ድንጋዩን ማንሣትና እግዚአብሔር ይፍታህ ማለት የእሳቸው ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን ከነጠላቸው አላወጡም። ለባላቸው ወንድም «አንሣለት» አሉት። እሱ ጥቂት ቆሞ አነሣው። የንስሐ አባት ፈጥነው መስቀላቸውን ዘረጉ፤ ይፍታህም አሉ፤ ሰዉም ተሳለመ። ደሙ ደረቀ ተባለ። ቃሉን ግን ከእሳቸው አፍ የሰማ የለም።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ስለ ሽቦው አላነሣብኝም። እንደ ድሮው እታለም ይለኛል፤ ስመጣ ይነሣል፤ ስሄድ ይሸኛል። አጎቴ ግን አሁንም በአንድ ቤት ስንገናኝ እኔ ከቀመስኩት ሌማት አይቆርስም።

በግንቦት መጨረሻ ላይ ወንድሜን ላየው ሄድኩ። ማሳው ቁልቁል ያዘመመ የገብስ መሬት ነው። ከልጅነቱ ወዲህ እርፍ አልጨበጠምና ትልሙ ይጣመማል፤ ሁለተኛው እርሻ ነበር፣ ግን የመጀመሪያ ይመስላል። ቀኝ እጁ ጅራፍ ለማንሣት ከትከሻው በላይ ስለማይወጣ ግራውን ይለውጣል፤ ሲለውጥ እርፉ ያመልጠዋል፤ በሬዎቹ ይቆሙና ዘወር ብለው ያዩታል። የመንደሩ ሰው ሲያልፍ «ሹፌር፣ ማርሽ ቀይር» ይለዋል። እሱም «ይኼኛው ሞተር እንኳ አይጠፋም» ይላል። ድምፁ ግን አይሥቅም።

እኩለ ቀን ላይ የሟቹ ባለቤት ምሳውን በሰሃን ይዘው ከቤት ወረዱ። ማሳው ዳር አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ሳይጠሩት ተመለሱ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው አለኝ። እርቅ ከወረደበት ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ተናግረውት አያውቁም። እሱም ትልሙን ጨርሶ፣ ቤታቸው እስኪደርሱ ጠብቆ ነው ለመብላት የሚመጣው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቁራሹን ይዞ ሳይጎርስ ቆየ።

«መዳቡ ባይዝግ ኖሮ ምን ትያቸው ነበር?» አለኝ።

«ያየሁትን።»

ራሱን ነቀነቀ። «አውቃለሁ» አለ። ቆይቶ፣ «በዚያ ኩርባ ያ ሁሉ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር፣ እታለም፣ ኮፈኑን አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም። ካህኑ ሲረጩልኝ እንኳ የከፈቱት እሳቸው ናቸው» አለኝ። ሽቦውን እዚያ ቦታ ቢያየውም በዓይን ደኅና እንደሚመስል ልነግረው አሰብኩ፤ እውነት ነው፣ ግን የሚያጽናና ስላልመሰለኝ ተውኩት።

ከላይ ከቤታቸው ደጃፍ አንድ ድምፅ መጣ። እሳቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ማሳውን ያያሉ።

«ያን የታችኛውን ጥግ ትተኸዋል» አሉት።

ወንድሜ ቁራሹን ሰሃኑ ላይ መልሶ ተነሣ። ቀና ብሎ አላያቸውም። በሬዎቹን ዞሮ አስነሣቸውና ወደ ታችኛው ጥግ ወሰዳቸው። እሳቸው እስኪጨርስ ድረስ ከደጃፉ ሳይገቡ ቆመው አዩት። ምሳው ድንጋዩ ላይ ደረቀ።